ራዲያተርን ከጠጠርና ከእብቅ መጠበቅ፦ በባሕር ዳር ዙሪያ ለሚነዱ ዝቅ ያሉ መኪኖች

የስፖርት መኪና ራዲያተር ቶሎ የሚጎዳው ደካማ ሆኖ ስለተሠራ አይደለም። ፓራውልቱ (የፊት መከላከያው) ለመሬት ቅርብ ነው፣ የአየር ማስገቢያው አፍ ሰፊ ነው፣ ከአፉ በስተኋላ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምንም መከለያ የለም። ከፊት የሚሄድ ሲኖትራክ በጎማው የወረወረው ጠጠር በዚያ አፍ ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው የኤሲውን ኮንደንሰር (የኤሲው ጋዝ የሚቀዘቅዝበትን ክፍል) ነው፤ ጥቂት ሳንቲሜትር ወደ ኋላ ራዲያተሩ አለ። ዝቅ የተደረገ ኮሮላ ወይም ሰፊ አፍ ያለው ፓራውልት የተገጠመለት ቪትዝም በዚህ በኩል ከስፖርት መኪና አይለይም፤ ከዚህ በታች ያለው ለሁሉም ይሠራል።

መፍትሔው ከፊት የሽቦ ወንፊት መግጠም ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ወንፊቱን ሲመርጥ ነው። ወንፊቱ ድንጋይ ማቆም አለበት፣ አየር ግን ማቆም የለበትም። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከ15 በመቶ በላይ የሳሳ ስለሆነ ራዲያተሩ ከዚያው ፍጥነት የሚያገኘው ማቀዝቀዣ አየር ቀድሞውኑ ያነሰ ነው። ክዳን በሌለው ዕቃ ውኃ የሚፈላውም በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ይዞ የመፍያውን ነጥብ ወደ ላይ ስለሚገፋው ችግሩ አይታይም፤ የክዳኑ ጎማ የደረቀ ወይም ሞላው የላላ ከሆነ ግን ያ ጥበቃ ይጠፋል። ስለዚህ ወንፊት ከመግጠምዎ በፊት ክዳኑን ይዩ። የተሰነጠቀ ጎማ ካለው፣ በላዩ የተጻፈውን የግፊት ቁጥር ጠብቀው አዲስ ይግዙ።

ምን ይመጣብናል?

ዋናው ጠጠር ነው። ገረጋንቲ የተነጠፈባቸው ቅርንጫፍ መንገዶች፣ ግንባታ ያለባቸው የአስፋልት ጠርዞች፣ አሸዋና ጠጠር ጭነው ሸራ ሳይለብሱ የሚሄዱ መኪኖች፣ ሁሉም ለዝቅተኛ ፓራውልት ጠላት ናቸው። የድንጋይ ክብደት ከስፋቱ ጋር እኩል አያድግም፦ ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ክብደቱ 8 እጥፍ ይሆናል። 6 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጠጠር ከ1 ግራም ሲሶ ገደማ ይመዝናል፤ 12 ሚሊሜትሩ ግን 2 ግራም ከግማሽ ይጠጋል። ትንሹ የራዲያተሩን ስስ የብረት ክንፍ ያጎብጣል፣ ትልቁ ፈሳሹ የሚያልፍበትን ቱቦ ይበሳል። ወንፊቱ ሁሉን ጠጠር እንዲያቆም መጠበቅ የለብንም የምንለው ለዚህ ነው፤ ትልልቁን ካስቀረ ሥራውን ሠርቷል።

ሁለተኛው እብቅ ነው፤ ለእኛ አካባቢ ከጠጠሩ ያልተናነሰ ጉዳት ያደርሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ከባሕር ዳር ወደ ወረታ ሲኬድ የፎገራ ሩዝ እየታጨደና እየተወቃ ነው፤ በሌላውም አቅጣጫ የጤፍና የዳጉሳ አውድማ መንገድ ዳር አለ። እብቁና የገለባው ብጣሽ በኮንደንሰሩ ጠርዝ ሾልኮ በኮንደንሰሩና በራዲያተሩ መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ይከማቻል። ከፊት ሲታይ ኮንደንሰሩ ንጹሕ ነው፤ ከኋላው ግን ራዲያተሩ የገለባ ፍራሽ ለብሷል። ሰው ቴርሞስታት ይቀይራል፣ የውኃ ፓምፕ ይቀይራል፣ ሙቀቱ ግን አይወርድም።

ሦስተኛው የሐይቁ ትንኝ ነው። ማታ መብራት አብርቶ በጣና ዳር የሚሄድ መኪና በአንድ ምሽት ፊቱ ይለጠፍበታል። የደረቀ ትንኝ አቧራ ይይዛል፣ አቧራው በክረምት ጭቃ ይሆናል፣ ጭቃው በክንፎቹ መካከል ይጋገራል። በዚህ ላይ ፌስታል አለ። ፌስታል ማስገቢያው ላይ ሲለጠፍ የሞተሩ ሙቀት ወዲያው ስለሚጨምር በወንፊትም ሆነ ያለ ወንፊት ቆሞ ማንሳት ግድ ነው።

ወንፊቱን መምረጥ

የምንመክረው የቀዳዳ ስፋት ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር፣ የሽቦ ውፍረት 1 ሚሊሜትር ነው። ለአሸዋ መንፊያ በሜትር የሚሸጠው የሽቦ ወንፊት በተለያየ ቀዳዳ ስለሚመጣ በግንባታ ዕቃ መሸጫዎች ተስማሚው ይገኛል። ሲገዙ በዓይን አይገምቱ፤ ማስመሪያ ይዘው ይሂዱ። ከአንድ ሽቦ መሃል ጀምረው 10 ቀዳዳ ይቁጠሩና ርዝመቱን ይለኩ። 70 ሚሊሜትር ከመጣ እያንዳንዱ ቀዳዳ ከነሽቦው 7 ነው ማለት ነው፤ ከዚያ የሽቦውን 1 ሚሊሜትር ሲቀንሱ 6 ይቀራል።

የሚያልፈውን አየር ለመገመት ቀዳዳውን ለቀዳዳና ሽቦ ድምር ያካፍሉና ውጤቱን በራሱ ያባዙ። 6 ለ7 ሲካፈል በራሱም ሲባዛ 73 በመቶ ክፍት ነው። 8 ሚሊሜትር ቀዳዳ በ1 ሚሊሜትር ሽቦ 79 በመቶ ይሰጣል። ከ70 በታች የሆነውን አይግዙ። ሽቦው 2 ሚሊሜትር ከሆነ 6 ሚሊሜትር ቀዳዳ ወደ 56 በመቶ ይወርዳል፤ ጠንካራ መስሎ የሚታየው ወፍራም ወንፊት መኪና የሚያፈላው በዚህ ምክንያት ነው።

ለመስኮት የሚሆነውን የወባ ትንኝ መከላከያ ወንፊት በምንም ዓይነት አይግጠሙ። አዲስ ሲሆን ክፍት መስሎ ይታያል፤ ቀዳዳው ግን 1 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ትንኝና እብቅ በአንድ ጉዞ ይደፍኑታል። ከዚያ በኋላ ራዲያተሩ ፊት ጨርቅ እንደ ማንጠልጠል ነው።

ዓይነቱን በተመለከተ፣ ዝገት የማይዘው አይዝጌ ብረት ከሁሉ ይቆያል፤ ግን ጠንካራ ስለሆነ ለመቁረጥና ለማጠፍ ያስቸግራል። ተወጥሮ የተሠራው ባለ አልማዝ ቅርጽ አሉሚኒየም በእጅ ይታጠፋል፤ ጠመዝማዛ ቅርጽ ላለው የስፖርት መኪና ፓራውልት እሱን እንመርጣለን፤ ትልቅ ድንጋይ ሲመታው ቢጎደጉድም ድንጋዩን ያስቀራል። ዚንክ የተቀባው የአሸዋ ወንፊት ርካሽ ነው፣ ቀለም ከተቀባ ለጥቂት ዓመት በቂ ነው። ጥቁሩ ያልተቀባ ሽቦ በመጀመሪያው ክረምት ይዝጋል።

ለአንድ ተራ የቤት መኪና ግማሽ ሜትር በአንድ ሜትር ከሩብ ቁራጭ ይበቃል። ከዚህ ሌላ የላሜራ መቀስ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ጥቁር የፕላስቲክ ኬብል ማሰሪያ 30 ያህል፣ ጥቁር ስፕሬይ ቀለም፣ ወፍራም ካርቶንና ጓንት ያዘጋጁ። ጓንቱን አይተዉት፤ የተቆረጠ ወንፊት ጠርዝ እንደ መርፌ ነው።

ፓራውልቱን ማውረድና ማጠብ

ሞተሩ ፈጽሞ ይቀዝቅዝ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱ፤ የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ቁልፍ ተዘግቶም ሊነሣ ይችላል፣ ጣት ይቆርጣል። ከኮፈኑ ሥር ያሉትን የፕላስቲክ ክሊፖች፣ በጎማ ቤቱ ውስጥ ያሉትን ቪቴዎች፣ ከታች ያሉትን ይፍቱ። ከዚያ ሁለት ሰው ሆናችሁ ከሁለቱ ጎን ቀስ ብላችሁ ወደ ውጭ ትስባላችሁ። የጉም መብራት ካለ ሶኬቱ ሳይነቀል አይሳብ፣ ሽቦው ይበጠሳል። ጠዋት በብርድ ክሊፕ ስለሚሰበር ፀሐይ ካሞቀው በኋላ መሥራት ይሻላል። የተፈታውን ቪቴ በየቦታው ለይተው ያስቀምጡ፤ ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ሲያስገቡት ከኋላ ያለውን ነገር ይበሳል።

አሁን ራዲያተሩ ተገልጧል፤ ወንፊት ሳይታሰብ መጀመሪያ ይታጠብ። ቆሻሻውን ዘግቶ ወንፊት መግጠም ልፋት ብቻ ነው። ውኃው ከሞተር በኩል ወደ ውጭ ይሂድ፤ ቆሻሻው በገባበት እንዲወጣ ነው። የጓሮ ጎማ ግፊት ይበቃል። የላቫጆ ፓምፕ ግን በቅርብ ከተያዘ ክንፎቹን በአንድ ምት ያስተኛል፤ ተኝተው ከዘጉት ክንፍ የሚያልፍ አየር የለም። ለደረቀ ትንኝ ለብ ያለ ውኃ ከትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጋር ረጭተው 15 ደቂቃ ይተዉት፣ ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ በክንፎቹ አቅጣጫ ብቻ ያሻሹ። አሲድ ወይም ጠንካራ የሞተር ማጠቢያ ኬሚካል አሉሚኒየምን ይበላል።

በኮንደንሰሩና በራዲያተሩ መካከል ያለውን ክፍተት ባትሪ መብራት ከላይ አብርተው ይዩ። ገለባ ከታየ፣ ኮንደንሰሩን የያዙትን የላይ ቪቴዎች ፈትተው፣ የጋዝ ቱቦው ሳይፈታና ሳይታጠፍ፣ ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ወደ ፊት ያዘንብሉት። ቀጭን ረጅም ብሩሽ ይገባል። ቱቦውን ማስገደድ አይገባም፤ የኤሲ ጋዝ በከፍተኛ ግፊት ላይ ስለሆነ ሲያመልጥ ፊትና እጅ በብርድ ያቃጥላል። የማይነቃነቅ ከሆነ የኤሲ ባለሙያ ይሥራው። ሲመልሱ በሁለቱ መካከል በዳርና በዳር የነበረው የስፖንጅ ማሸጊያ በቦታው መኖሩን ያረጋግጡ፤ እብቁ የሚሾልከው እሱ ሲወድቅ ነው።

የተጎበጡትን ክንፎች በጠፍጣፋ ፕላስቲክ ቁራጭ ቀስ አድርገው ያቅኑ። ክንፍ ተቀዶ ቢወጣ ብዙ አያሳስብም፤ በክንፎቹ መካከል የሚያልፈው ጠፍጣፋ ቱቦ ግን አይነካ። በኮንደንሰሩ ላይ አቧራ የያዘ ክብ የዘይት እድፍ ካዩ እዚያ ቀዳዳ አለ። በራዲያተሩ ላይ አረንጓዴ፣ ቀይ ወይም ነጭ የደረቀ ቅርፊት ካዩ ደግሞ ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) እያፈሰሰ ነው። በሁለቱም ሁኔታ ጥገናው ይቅደም።

መቁረጥና መግጠም

ካርቶኑን በፓራውልቱ ጀርባ ካለው አፍ ጋር ለክተው ይቁረጡ፤ በየጎኑ 3 ሳንቲሜትር ይጨምሩ። ያንን በወንፊቱ ላይ ገልብጠው ይቁረጡ፤ ካርቶኑ ጀርባ ሆኖ የተለካ ስለሆነ የትኛው ፊት እንደሆነ ምልክት ያድርጉበት። ጠርዙን 1 ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ ያጥፉት። የታጠፈ ጠርዝ ወንፊቱን ያጠነክራል፣ ኬብል ማሰሪያውንም አይቆርጥም። ስፕሬዩን ሁለት ጊዜ ስስ አድርገው ይቀቡና አንድ ቀን ያድርቁት። አንድ ወፍራም ቀለም ቀዳዳውን ያጠባል፤ ሲደርቅም ይላጣል።

ወንፊቱ የሚታሰረው በፓራውልቱ ወይም በማስኬሪናው (በፊት ፍርግርጉ) ጀርባ ነው። በራዲያተሩ ላይ ፈጽሞ አይታሰርም። አንዳንዱ በክንፎቹ መካከል ማሰሪያ አሳልፎ ወንፊቱን ከኮንደንሰሩ ጋር ያጣብቃል፤ መንገዱ ሲያናውጠው ማሰሪያው ቱቦውን እየሞረደ ይበሳዋል፣ ድንጋይም ሲመታ ወንፊቱ ምቱን ለኮንደንሰሩ ያስተላልፋል። በዚያ ላይ አይዝጌ ብረት ከአሉሚኒየም ጋር ተነካክቶ እርጥበት ሲያገኝ አሉሚኒየሙ ይበላል። ከወንፊቱ እስከ ኮንደንሰሩ ቢያንስ 2.5 ሳንቲሜትር ባዶ ይሁን፤ 4 ቢሆን ይሻላል።

ይህን ርቀት ፓራውልቱ ከተመለሰ በኋላ በዓይን ማየት አይቻልም። ቀላሉ መንገድ ሊጥ ነው፦ ጠንከር ያለ የስንዴ ሊጥ እንቁላል በሚያህል መጠን አምስት ቦታ አድቦልቡለው፣ በቀጭን ፌስታል ጠቅልለው በወንፊቱ ጀርባ ይለጥፉ፤ አራቱን በማዕዘን፣ አንዱን መሃል። ፓራውልቱን ወደ ቦታው ገፍተው ያስገቡ፣ መልሰው ያውርዱ። የተጨፈለቀው ሊጥ ውፍረት እዚያ ቦታ ያለው ርቀት ነው። የሊጡ ፊት ላይ የክንፎቹ መስመር ታትሞ ውፍረቱ ከ2.5 በታች ከሆነ ወንፊቱን እዚያ ወደ ፊት ያጉብጡት።

በየ8 ሳንቲሜትር አንድ ማሰሪያ ይግባ። የፓራውልቱ ፕላስቲክ ማሰሪያ የሚያልፍበት ቦታ ከሌለው በትራፓኖ 4 ሚሊሜትር ይበሱ፤ በሚታየው ፊት ሳይሆን በጀርባው ከንፈር ላይ። ሲጨርሱ በእጅ መታ መታ ያድርጉት። የሚንኮሻኮሽ ካለ እዚያ ማሰሪያ ይጨምሩ፤ የላላ ወንፊት በመንገድ ይፈተጋል፣ ቀለሙ ይነሣል፣ ከዚያ ይዝጋል።

የመጎተቻ መንጠቆ የሚገባበትን ቀዳዳ እንዳይዘጉት ልብ ይበሉ። በአዳዲስ መኪኖች ከማስኬሪናው ዓርማ ጀርባ ራዳር ካለ ብረት ወንፊት ፊቱ አይለፍ፤ ራዳሩ አያይም። የውጭ ሙቀት መለኪያዋ ትንሽ ሴንሰርም ብዙ ጊዜ እዚያው አካባቢ ስለምትንጠለጠል ከወንፊቱ ጋር አብራ እንዳትታሰር።

ለየት ያሉ መኪኖች

ፖርሽ ቦክስተር 986 እና 987፣ እንዲሁም የ996 እና የ997 ትውልድ 911 ሞተራቸው ከኋላ ወይም ከመሃል ነው፤ ራዲያተሮቻቸው ግን ከፊት ናቸው፣ በግራና በቀኝ ማዕዘን አንድ አንድ። በእያንዳንዱ ፊት የራሱ ኮንደንሰር አለ። በ986 ቦክስተር ኤስና በአንዳንድ ሌሎች ዓይነቶች መሃል ላይ ሦስተኛ ራዲያተር ይጨመራል። የእነዚህ መኪኖች ማስገቢያ አፍ ዝቅ ያለና ወደ ውስጥ የሚጠብ ስለሆነ ከዘንባባና ከጃካራንዳ ሥር ለቆመ መኪና ቅጠል መሰብሰቢያ ይሆናል። ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ይበሰብስና የኮንደንሰሩን የታች ጠርዝ ይበላል፤ በእነዚህ መኪኖች ጋዝ በብዛት የሚያመልጠው ከዚያ ነው። ለእነሱ ወንፊቱ በአፉ ላይ ወደ ፊት ቀርቦ ይገጠም፤ ወደ ውስጥ ከራቀ ቅጠሉ አሁንም ወደ ጉድጓዱ ይገባል። ከክረምት በኋላ በየዓመቱ ፓራውልቱን አውርዶ ማጽዳት ወንፊት ቢኖርም አይቀርም።

እንደ ሱባሩ ደብልዩ አር ኤክስ ኮፈኑ ላይ የአየር አፍ ያለው መኪና፣ ከአፉ ሥር ኢንተርኩለር (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚያቀዘቅዝ ክፍል) አለ። ጠጠር እዚያ የሚደርሰው አልፎ አልፎ ነው፤ 10 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያለው ወንፊት ይበቃል።

ከታች ያለው የሞተር ሽፋን ፕላስቲክ ደግሞ ብዙ ጊዜ በፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ተሰብሮ ይጣላል። ይህ ሽፋን የሚገባው አየር ሳይበተን በራዲያተሩ እንዲያልፍ ያግዛል፣ የፊት ጎማ የሚረጨውንም ጠጠር ያስቀራል። ወንፊት ገጥሞ ሽፋኑን ሳይመልሱ መተው ግማሽ ሥራ ነው።

መፈተሽ

በክሩስኮቱ (በሾፌሩ ፊት ባለው የመለኪያ ሰሌዳ) ላይ ያለው የሙቀት ቀስት ለዚህ አይበቃም፤ በብዙ መኪና ቀስቱ ሰፊ የሙቀት ክልል ላይ መሃል ቆሞ ይቀራል። ከመኪናው የመመርመሪያ ሶኬት ጋር የሚገናኝ ትንሽ ማንበቢያ ተሰክቶ በስልክ ትክክለኛው ዲግሪ ይታያል። ወንፊቱ ከመገጠሙ በፊት አንድ መንገድ፣ በአንድ ሰዓት፣ ኤሲ ተከፍቶ ይነዳና ከፍተኛው ቁጥር ይመዘገብ፤ ከተገጠመ በኋላ ያው ይደገም። ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ልዩነት ጤናማ ነው። ከ5 በላይ ከወጣ ወንፊቱ ጠባብ ነው ወይም አየሩ በጎን እያመለጠ ነው።

በባሕር ዳር ሜዳ ላይ የታየው ውጤት ብቻውን አያሳምን። እውነተኛው ፈተና ዳገት ነው፦ በጎንደር መንገድ ከአዲስ ዘመን በኋላ ያለው፣ ወይም ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ ከዓባይ በረሃ ድልድይ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወጣው። በረሃው ሞቃት ነው፣ ዳገቱ ረጅም ነው፣ መኪናው በዝቅተኛ ማርሽ ቀስ ስለሚል የሚነፍሰው አየር ያንሳል። እዚያ የማያፈላ ወንፊት የትም አያፈላም።

በየጊዜው

በመኸር ወራት ወንፊቱን በየሳምንቱ ከፊት በእጅ ብሩሽ ይጥረጉ፤ ወደ ወረታ በተደጋጋሚ የሚመላለስ ከሆነ በእያንዳንዱ ጉዞ ማግስት። በበጋ በወር አንዴ ይበቃል። በመስከረም፣ ጭቃው ሳይጋገር፣ ሙሉው እጥበት ይደረግ፤ ማሰሪያዎቹም ያን ጊዜ ይታዩ፤ ፀሐይ ያደረቃቸው ሲነኩ ይሰበራሉ።

በገረጋንቲ መንገድ ከፊት ካለው መኪና 100 ሜትር ያህል መራቅ፣ ከባድ መኪና ሲመጣ ደግሞ ፍጥነት መቀነስ ከማንኛውም ወንፊት በላይ ይከላከላል። የምቱ ኃይል በፍጥነት ልክ ሳይሆን ፍጥነቱ በራሱ ሲባዛ በሚሰጠው ልክ ስለሚያድግ፣ ከ80 ወደ 40 የወረደ መኪና በመንገዱ ላይ የቆመ ጠጠር ሲመታው የሚቀበለው ኃይል አንድ አራተኛ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ራዲያተሩ መንገድ ላይ ቢበሳ፣ ሙቀቱ መጨመር እንደጀመረ ኤሲውን ይዝጉ፣ የማሞቂያውን አየር እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፣ ጥላ ፈልገው ያቁሙና ሞተሩን ያጥፉ። ቢያንስ 45 ደቂቃ ሳያልፍ ክዳኑ አይከፈት። ቀዝቃዛ ውኃ በጋለ ሞተር ላይ ማፍሰስ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይ ክፍል) ያጣምማል ወይም ይሰነጥቃል፤ ያ ከራዲያተር ዋጋ በብዙ ይበልጣል። ከቀዘቀዘ በኋላ ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ የራዲያተሩን ክዳን እስከ መጀመሪያው ጥርስ ብቻ ዘግተው፣ ውኃ እየጨመሩ፣ በየ10 ኪሎ ሜትሩ እየቆሙ ቅርብ ጋራዥ መድረስ ይቻላል፤ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ በቀዳዳው የሚወጣው ያንሳል። ውኃው ግን በዚህ ከፍታ በ94 ዲግሪ ስለሚፈላ የስልኩ ቁጥር 90 ሲነካ ማቆም ነው። እንደደረሱም ውኃው ተደፍቶ ኩላንት ከተጣራ ውኃ ጋር እኩል በእኩል ይሞላ፤ የቧንቧ ውኃ ከቆየ በቱቦዎቹ ውስጥ ደለል ያስቀምጣል።